ሦስተኛ ያልሆኑት ሜንሳዎች

ደመወዝ ገና በወረቀት ቼክ ይከፈለን በነበረበት ጊዜ፣ ሌሊት ሌሊት እሠራበት በነበረው የዕቃ መለያ መጋዘን ውስጥ ሜንሳ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። መጋዘኑ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ነው። አንድ ማለዳ የአንደኛው ሜንሳ ቼክ በሌላኛው ፖስታ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። አለቃችን ነገሩ ሲነገረው ከወረቀቱ ቀና እንኳን ሳይል «ዘመዳሞች አይደላችሁ እንዴ? እዚያው ተነጋግራችሁ ጨርሱ» ብሎ አለፈ።

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ትልቁ ስድሳን የተሻገሩ ጋናዊ፣ የኬፕ ኮስት ከተማ ሰው፣ ፋንቲ ከሚባለው ሕዝብ ናቸው። በሀገሬ ልማድ «ጋሽ ሜንሳ» እላቸዋለሁ፤ «ጋሽ» ምን ማለት እንደሆነ ካስረዳኋቸው ወዲህ በሌላ ስም ብጠራቸው ቅር ይላቸዋል። ሌላኛው በልጃቸው ዕድሜ የሚሆን ወጣት ነው። ጋናዊም አይደለም፤ ቶጎዋዊ፣ የሎሜ ልጅ ነው። እቤቱ ኤዌ እየተናገረ አድጎ በፈረንሳይኛ የተማረ ነው። ሁለቱ «ዘመዳሞች» የሚግባቡት ከእኔ ጋር በሚግባቡበት በዚያው በተሰባበረ የመጋዘን እንግሊዝኛ ነበር።

ቼኩን ተለዋወጡና ሳቁ። ጋሽ ሜንሳ ወጣቱን «አንተ ስንተኛ ነህ?» አሉት። «የመጀመሪያ ነኝ» አላቸው፤ «ሦስተኛው አያቴ ሳይሆን አይቀርም።» «የእኔ ደግሞ አባቴ ነበር» አሉት። ሥራ ተጀመረ፤ ማጓጓዣው ቀበቶ መዞር ጀመረ፤ ወሬውም በዚያው ተቋረጠ። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ እሽግ ላይ የተጻፉ ስሞችን እያነበብኩ ይህን «ስንተኛ ነህ» የሚል ጥያቄ ሳመላልስ አደርኩ። ሲውል ሲያድር ባገኘኋቸው ቁጥር ጋሽ ሜንሳን እጠይቃቸው፣ ያገኘሁትንም አነብ ጀመር።

ቮልታን የተሻገረ ስም

አካን በሚባሉት የጋና ሕዝቦች ዘንድ፣ አሻንቲም ሆነ ፋንቲ፣ ልጅ ሲወለድ አንድ ስም ይዞ ይመጣል። ማንም አያወጣለትም፤ የተወለደበት ቀን ያወጣለታል። ዓርብ የተወለደ ወንድ ኮፊ ነው፣ ቅዳሜ የተወለደ ክዋሜ ነው። በስምንተኛው ቀን ልጁ ከቤት ወጥቶ ለሰው ይታያል፤ ምላሱን ውኃ ያቀምሱታል፣ ቀጥሎም መጠጥ ያቀምሱታል። ውኃ ሲባል ውኃ፣ መጠጥ ሲባል መጠጥ እንዲል፣ እውነትን ከሐሰት እንዲለይ ነው። አባት ከዘመዶቹ የሚያከብረውን አንዱን መርጦ ስሙን የሚሰጠው ያን ዕለት ነው። በዚህ ላይ የተራ ስም ይጨመራል። መንታ ከሆነ አታ፣ ሦስተኛ ወንድ ከሆነ ሜንሳ፣ አራተኛ ከሆነ አናን፣ ዘጠነኛ ከሆነ ንክሩማ፣ አሥረኛ ከሆነ ባዱ።

እኛ ከሬዲዮ ዜና ላይ ለዓመታት «ኮፊ አናን» ስንሰማ ዓርብና አራተኛ እየተባለልን ነበር ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ሰውዬ ሙሉ ስማቸው ኮፊ አታ አናን ነው፤ መንታ እኅትም ነበረቻቸው። በ1963 ግንቦት ላይ አዲስ አበባ መጥተው አፍሪካ ካልተባበረች ትጠፋለች ብለው የተከራከሩት ክዋሜ ንክሩማም (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ለእናታቸው አንድ ሆነው ሳለ ስማቸው ዘጠነኛ ይላቸዋል። አባታቸው በርካታ ሚስቶች ስለነበሯቸው ተራው የተቆጠረው በአባት ቤት ሳይሆን አይቀርም።

የሜንሳን ነገር ለየት የሚያደርገው አካን ባልሆኑ ሰዎችም ዘንድ መገኘቱ ነው። በጋና ዋና ከተማ በአክራ ያሉት፣ ጋ የሚባሉት ሕዝቦች ሦስተኛ ወንድ ልጃቸውን ሜንሳ ይላሉ። ከቮልታ ወንዝ ማዶ ያሉት ኤዌዎችም ሜንሳ ይላሉ፤ በቶጎና በቤኒን በኩል አንዳንዱ «ሜሳን» ብሎ ይጽፈዋል። በአካን ቋንቋ ሦስት «ምየንሳ» ነውና ስሙ ከቁጥሩ ጋር ይገጥማል። በኤዌ ግን ሦስት «ኤቶ» ነው፤ በጋም «ኤቴ» ነው። ከሜንሳ ጋር የሚያገናኛቸው ድምፅ የለም። ስለዚህ ስሙ ከአካኖች ተነሥቶ በጎረቤት፣ በገበያና በጋብቻ የተዛመተ ነው ብዬ አምናለሁ። ሜንሳ ማንኛውንም ውቅያኖስ ሳይሻገር በፊት የቮልታን ወንዝ ተሻግሯል። በኋላ የመጡት ድንበር አካላዮች ደግሞ ኤዌዎችን ለሁለት ከፈሏቸው፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀርመኗ ቶጎላንድ ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ ተከፋፈለች፣ የእንግሊዙ ክፍል በ1956 ድምፅ ሰጥቶ በማግስቱ ዓመት ከጋና ጋር ነጻ ወጣ። የእኛ የመጋዘን ወጣት በድንበሩ ወዲያኛው በኩል የቀረ ሜንሳ ነው።

የመዝገቡ ነገር

ከዚህ ሁሉ ውስጥ «የቤተሰብ ስም» የሚባል ነገር የት እንዳለ ብትፈልጉ አታገኙትም። አንድ አባት አምስት ልጆች ቢወልድ አምስቱንም በአምስት ዘመዶቹ ስም ሊሰይማቸው ይችላል። ወንድማማችነታቸውን ስማቸው እንዲመሰክር ማንም አልጠበቀበትም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋልና።

መዝገብ የመጣው ከሚስዮን ጋር ነው። ከስዊዘርላንድ የባዝል ሚስዮናውያን በ1828፣ ሜቶዲስቶች በ1835 ጎልድ ኮስት (ጋና በቅኝ ግዛት ዘመን የምትጠራበት ስም ነው) ደረሱ፤ ከጀርመን የብሬመኖቹ ደግሞ በ1847 ኤዌዎች ዘንድ ደረሱ። የጥምቀት መዝገብ፣ የተማሪ መዝገብ፣ ከዚያም የፍርድ ቤትና የደመወዝ መዝገብ ተከታተለ። መዝገብ ሁለት ዓምድ አለው፤ ሁለተኛው ባዶ መሆን የለበትም። እኛ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንላለን። ይሁን፣ የመጀመሪያውን ስም መልአክ ያውጣው። ሁለተኛውን ግን በአብዛኛው ያወጣው ጸሐፊ ነው።

የጉዳዩን ሂደት ሦስት ታዋቂ ሰዎች ላይ ማየት ይቻላል። ጆን ሜንሳ ሳርባ በ1864 የተወለደ ፋንቲ ነው፤ በ1887 ከጎልድ ኮስት ሰዎች መጀመሪያ በእንግሊዝ ጠበቃ ሆኖ የተመዘገበ፣ የፋንቲን ልማዳዊ ሕግ በጽሑፍ ያኖረ፣ እንግሊዞች የሕዝቡን መሬት እንዳይነጥቁ የታገለ ሰው። በእሱ ስም ላይ ሜንሳ ገና መሐል ላይ ነው፤ የቤተሰቡ መጠሪያ የነጋዴ አባቱ ስም ሳርባ ነው። ኢ. ቲ. ሜንሳ በ1919 የተወለደ የአክራ ልጅ፣ ጋ፣ መለከቱን ይዞ ሃይላይፍ የሚባለውን ሙዚቃ በምዕራብ አፍሪካ ያነገሠ፣ በ1956 ሉዊ አርምስትሮንግ አክራ ሲመጣ አብሮት የተጫወተ ነው። እዚህ ላይ ሜንሳ መጨረሻው ቦታ ላይ ተቀምጧል። ሦስተኛው ዳኛ ቶማስ ሜንሳ ናቸው፤ በ1996 ሃምቡርግ ላይ የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ፍርድ ቤት የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት። ጠበቃው፣ መለከተኛውና ዳኛው የአንድ ቤት ልጆች አይደሉም። በአንድ ተርታ ያስቀመጣቸው ፊደል ነው።

(በነገራችን ላይ ሜንሳዎች እየበዙ ሲደበላለቁ ጋናውያን በሰረዝ መቀጠል ጀመሩ፤ ሜንሳ ቦንሱ የሚሉ አሉ፣ ኬይ ሜንሳ ቦንሱ የሚባሉ የፓርላማ ሰውም ነበሩ። ወደ አያትና ቅድመ አያት መቁጠራችን ለምን እንደሆነ ለሚጠይቁን ፈረንጆች ይህን ማሳየት ነው።)

ከባሕር ማዶ መጀመሪያ የደረሱት

ስለ ጋናውያን ስም ስርጭት ሲወራ ሁሉም ከአውሮፕላን ነው የሚጀምረው። ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ ግን በመርከብ ሆድ ውስጥ የሄዱ ነበሩ። በካሪቢያን ደሴቶች ዛሬም ከድጆ፣ ከፊ፣ ኳሺ የሚባሉ የቤተሰብ ስሞች አሉ፤ ሰኞ፣ ዓርብና እሑድ ናቸው። በ1763 በዛሬዋ ጉያና፣ በበርቢስ የእርሻ ይዞታዎች የተነሣውን የባሮች አመፅ የመራው ኮፊ ነው፤ ጆርጅታውን ውስጥ ሐውልት ቆሞለታል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የማሳቹሴትሱ ፖል ከፊ ነው። አባቱ በባርነት የመጣ አካን ነበር፣ ስሙ ኮፊ። ነጻ ሲወጣ መዝገብ ላይ ኮፊ ስሎከም ተባለ፤ ስሎከም የጌታው ስም ነው። ልጆቹ አድገው የጌታውን ስም ጣሉና የአባታቸውን የግል ስም የቤተሰብ ስም አደረጉት። ፖል በ1759 ተወልዶ፣ የመርከቦች ባለቤት ሆኖ፣ በኋላ ጥቁሮችን ወደ ሴራሊዮን እስከ ማሻገር የደረሰ ሰው ነው። አንድ ዓርብ ቀን የተወለደ ሰው በልጆቹ አማካይነት ለዘለዓለም ዓርብ ሆነ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የምንለው ለሥራ ነው፤ እዚህ ግን ቃል በቃል ሆኖ አገኘሁት።

በተቃራኒው ስማቸው የጠፋም አሉ። ከ1831 እስከ 1872 ድረስ ደቾች ሦስት ሺህ ያህል አፍሪካውያንን በዛሬዋ ጋና ጠረፍ ካለው ከኤልሚና ምሽግ ወታደር አድርገው ወደ ምሥራቅ ኢንዲስ፣ ወደ ዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ላኩ። ሲመዘገቡ የደች ስም ተሰጣቸው። ጃቫ ውስጥ ፑርዎሬጆ ከተማ የሰፈሩ ዘሮቻቸው የያዙት ያንን የደች ስም ነው። ከእነዚያ ወታደሮች መካከል ሦስተኛ ወንድ ልጅ የነበረ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ግን የሜንሳን መንገድ በስም እየተከተለ የሚሄድ ሰው እዚያ ዘንድ ሲደርስ ዱካው ይጠፋበታል። በአንጻሩ አክራ ውስጥ ቫንደርፑይ፣ ሉተሮት፣ ሬይንዶርፍ የሚባሉ ጋዎች ሞልተዋል፤ ደችና ዴንማርካውያን ከምሽጎቻቸው ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱ ስሞች ናቸው።

አሁን ያለው ሥርጭት የእኛው ዘመን ነገር ነው። ጋሽ ሜንሳ ስለ 1983 ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ናይጄሪያ ወረቀት የሌላቸው የውጭ ሰዎች በአጭር ቀን ለቀው እንዲወጡ አዘዘች፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ጋናውያን ባለ መስመር የላስቲክ ሻንጣቸውን ተሸክመው ተመለሱ። ያ ሻንጣ በምዕራብ አፍሪካ እስከ ዛሬ «ጋናዎች ውጡ» ተብሎ ይጠራል። የተመለሱት ደግሞ ድርቅና የሰደድ እሳት እርሻውን ወደ በላባት ሀገር ነው። የቻለ እንደገና ወጣ። ለንደን፣ ሃምቡርግ፣ አምስተርዳም፣ ቶሮንቶ፣ ኒው ዮርክ ብሮንክስ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ዉስተር። ጋሽ ሜንሳ መጀመሪያ አምስተርዳም፣ ቤይልመር በሚባለው የረጃጅም ፎቆች ሰፈር ኖረዋል። በጥቅምት 1992 የጭነት አውሮፕላን እነዚያ ፎቆች ላይ ሲወድቅ በዚያው ከተማ ነበሩ። መጀመሪያ ከ200 ሰው በላይ ሞቷል ተብሎ ተሰጋ፤ በመጨረሻ የተረጋገጠው 43 ነው። ቁጥሩ የተምታታው ሕንፃው ውስጥ ብዙ ያልተመዘገቡ ሰዎች ይኖሩ ስለነበር ነው፤ ጋናውያንም ከእነሱ መካከል ነበሩ። በኋላ እዚያ መኖራቸውን ላስረዱ ሰዎች የመኖሪያ ፈቃድ ተሰጠ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ደግሞ የደች መንግሥት ከጋናና ከጥቂት ሌሎች ሀገሮች የሚመጣ የልደት ሰነድ በጥብቅ እንዲጣራ አዘዘ። አንድ ልጅ ሰኞ የወጣለት ስም፣ የክርስትና ስም፣ የአባት ዘመድ ስምና የተራ ስም ሲኖረው ለአምስተርዳም ጸሐፊ አጭበርባሪ ይመስላል። ጋሽ ሜንሳ ይህን ሲያወሩ አይበሳጩም። እኔ ነኝ የምበሳጨው።

ቅጹ

የዜግነት ማመልከቻቸውን ይዘው የመጡት በአንድ የክረምት ሌሊት፣ በእረፍት ሰዓት ነው። ለቃለ መጠይቁ እንዲዘጋጁ ጥያቄዎቹን እያነበብኩላቸው እሳቸው እየበሉ ይመልሳሉ። ምግባቸው ኬንኬ ነበር፤ የተቦካ የበቆሎ ሊጥ በደረቀ የፕላንቴን ቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀል፣ ሲፈታ ክፍሉን የሚሞላ ኮምጣጣ ሽታ ያለው፣ ለእኔ አፍንጫ የእንጀራ ሊጥ ዘመድ። ቅጠሉን ንጣፍ በንጣፍ እየገለጡ፣ የቆዩበትን ሀገር፣ የልጆቻቸውን ቁጥር፣ የትዳር ዘመናቸውን ሳይደናቀፉ ነገሩኝ።

ከዚያ «ስምዎን በሕግ መለወጥ ይፈልጋሉ?» የሚለው ላይ ደረስን። እንደ ሌላው ጥያቄ አንብቤ ላልፈው ነበር። ጋሽ ሜንሳ ግን ቅጠሉን መግለጥ አቆሙ።

«ይህን ይጠይቃሉ?» አሉኝ።

«ይጠይቃሉ። ከፈለጉ ቃለ መሐላው ፍርድ ቤት ይሆንና ዳኛ ይለውጥልዎታል።»

ጣታቸውን በናፕኪን ጠርገው ወረቀቱን ወሰዱትና ራሳቸው አነበቡት። ከዚያ ስለ አንድ መምህር አወሩኝ። በስምንተኛው ቀን አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ የአባታቸው አጎት ስም። እናታቸው እስኪሞቱ የጠሯቸው በእሱ ነው። ትምህርት ቤት የገቡ ዕለት መምህሩ «የአባትህ ስም?» አላቸው። አባታቸው በሰፈሩ ሜንሳ ይባላሉ፤ ሦስተኛ ስለነበሩ። ልጁ «ሜንሳ» አለ። መምህሩ ጻፈ። «አንድ ትንፋሽ ነው የፈጀው» አሉኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፈተናው፣ ፓስፖርቱ፣ የደች ወረቀቱ፣ የጋብቻው ሰነድ፣ የሦስት ወንዶች ልጆቻቸው የልደት ወረቀት፣ ሁሉም በዚያች ትንፋሽ ላይ ተሠራ። ከሦስቱ ልጆች ሦስተኛው በሀገር ቤት ልማድ የራሱ ሜንሳ መሆን ነበረበት። «ከቤታችን በወጉ ሜንሳ መባል የሚገባው እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አያውቀውም» ብለው ሳቁ።

ይለውጡታል ብዬ ነበር። ቅጹ የመምህሩን ጽሑፍ የሚፍቅ ላጲስ ይዞ ቀርቧል፤ ያውም በነጻ። ወረቀቱ ላይ ያን የአባታቸውን አጎት ስም ሲጽፉ ለማየት ጓጉቼ እንደነበር አልደብቅም። እሳቸው ግን እኔ ያላሰብኩት ቦታ ወሰዱኝ።

«እኔ ስሞት» አሉኝ «የሚቀብረኝ ማን ይመስልሃል?»

«ልጆችዎ።»

«አይደሉም። አቡሱዋዬ ነው።»

አቡሱዋ የእናት ወገን ነው። አካን ሰው የሚወለደው ወደ እናቱ ወገን ነው፤ ሬሳው የእነሱ ነው፣ ለቅሶውን የሚመሩት የወገኑ አለቃ ናቸው፣ ድሮ ውርሱም የሚሄደው ለልጅ ሳይሆን ለእኅት ልጅ ነበር። በ1985 የወጣው የውርስ ሕግ ነው ሳይናዘዙ ለሞቱ ሰዎች ሚስትና ልጆች ተገቢውን ድርሻ ያስያዘው። ከአባት የሚመጣው መንፈስና ስም ነው። «ልጆቼ ስሜን ይዘዋል፣ ወገናቸው ግን የእናታቸው ወገን ነው። የእኔን ወገን ስም የያዘ ወረቀት የለኝም፣ ኖሮኝም አያውቅም። መምህሩ የጻፈው ነገር ወገኔን አልነካም፣ እኔ ብፍቀውም ወገኔን አይነካም።» ወረቀቱን መለሱልኝ። «አይ በል።»

«አይ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁ። ቀጣዩ ጥያቄ ስለ ግብር ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ቅሬታ ነው። የተወሰደባቸውን ነገር ሲመልሱላቸው እምቢ ያሉ መሰለኝ። ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው ነገሩ የተገለበጠብኝ። የተወሰደባቸው ነገር አልነበረም። መዝገቡ ያለ ፈቃዳቸው የሰጣቸውን ነገር፣ ሥራ የሚሠራ መሣሪያ አድርገው ይዘውት ኖሩ፤ ማንነታቸውን ግን አላስቀመጡበትም። እኔ የአባት ሀገር ሰው ነኝና ስምና ዘር አንድ ገመድ ላይ የታሰሩ ይመስለኛል። «ዘር ከልጓም ይስባል» ስንል በየትኛው በኩል እንደሚስብ አንጠይቅም። ነገር ግን እኛስ? ስማችን የአባት ነው፤ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ስንቆጥር ግን በእናትም በአባትም ነው የምንቆጥረው። አባታችንን ተከትለን የምንጠራባቸው ስሞች ግማሹን ዘመዳችንን አያውቁትም።

እኛ ቤት ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። እኔ አሜሪካ ስገባ ፓስፖርቴ ላይ ሦስተኛ የነበረው የአያቴ ስም የቤተሰብ ስም ሆነ። ታናሽ ወንድሜ ከእኔ በኋላ በሌላ ወረቀት ሲመጣ የአባታችን ስም የቤተሰብ ስም ሆነለት። ባለቤቴ እንደ ሀገራችን ሴቶች ሁሉ በአባቷ ስም ጸንታ ትኖራለች። ስለዚህ እዚህ ሀገር ያለ ማንኛውም ኮምፒውተር እኔና ወንድሜን ባዳ አድርጎ ይቆጥረናል፤ ያን ዕለት ማለዳ ሁለቱን ሜንሳዎች ወንድማማች ያደረጋቸው ያው አሠራር ነው። ልጄ በአያቴ ስም ትጠራለች። አያቴ በሕይወቱ ከደብረ ብርሃን አልፎ ያልሄደ ሰው ነው፤ ስሙ ግን በየማለዳው በአሜሪካዊ መምህርት አፍ ይጠራል፣ ሁለተኛው ፊደል ላይ ሁሌም እየተሰበረ።

የቤተሰብ ስሞችን በካርታ ላይ ነጥብ አድርገው የሚያሳዩ ሰዎች አሉ። የሜንሳን ካርታ ሳየው አሁን የሚታየኝ ሌላ ነው። ሎሜና ኮቶኑ ላይ ያሉት ነጥቦች የገበያና የጋብቻ መንገድ ናቸው። ሃምቡርግና ለንደን ላይ ያሉት የመርከብ፣ የትምህርትና የ1983 መንገድ ናቸው። ቨርጂኒያ ላይ ካሉት ነጥቦች አንዷ የኬፕ ኮስቱ መምህር ብዕር ናት። ደም የሚከተል ሰው ይህ ካርታ የሚረባው አይመስለኝም፤ ሰዎች የት ቆጣሪ ፊት ቆመው «ስም?» እንደተባሉ ማወቅ ለሚፈልግ ግን ከዚህ የተሻለ የለም።

ኮፊ ወይስ ክዋሜ

ጋሽ ሜንሳ ዜግነታቸውን ካገኙ በኋላ የመጀመሪያ ልጃቸው ወንድ ልጅ ወለደ። ስም የማውጣቱ ሥነ ሥርዓት ላይ ጠሩኝ። በስምንተኛው ቀን አልሆነም፤ ሁሉም ሥራ ላይ ስለነበር ወደ ቅዳሜ ተዛውሮ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተደረገ። ሽማግሌው ሕፃኑን ውኃ አቀመሱት። መጠጡን ግን የልጁ እናት፣ ነርስ ናትና፣ አልፈቀደችም፤ በስፕራይት ተተካ። ሽማግሌው «ስፕራይት ሲባል ስፕራይት በል» ሲሉት አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ጭቅጭቁ የተነሣው በቀኑ ስም ላይ ነው። ልጁ የተወለደው ዓርብ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው፣ ስለዚህ ኮፊ ነው አሉ እዚህ ያሉት። ኬፕ ኮስት ያሉት የጋሽ ሜንሳ ታላቅ እኅት በስልክ ድምፅ ማጉያ አዳራሹን ይዘውታል፦ ያን ሰዓት በጋና ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው፣ ቅዳሜ ገብቷል፣ ልጁ ክዋሜ ነው። አንዱ ነፍስ የምትመጣው ከዚያ ነው አለ። ሌላው ልጁ የተነፈሰው የቨርጂኒያን አየር ነው አለ። እኔንም እንደ ገለልተኛ ወገን ጠየቁኝ፤ በእኛ ሀገር ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ስለሆነ ጋናም ቢሆን ቨርጂኒያም ቢሆን ልጁ ያለ ክርክር የዓርብ ነው አልኳቸው። ኮፊዎች አጨበጨቡ። ከስልኩ ወዲያ ያሉት እመቤት፣ ይህ ሰው ማን ነው፣ የማን ወገን ነው ብለው ጠየቁ።

ሩዙና ዶሮው ቀርቦ፣ ተበልቶ፣ ሙዚቃው ተከፍቶም ክርክሩ አልበረደም። አባትየው የልደት ወረቀቱ ላይ ኮፊ ብሎ ማስመዝገቡን በኋላ ነገረኝ፤ አክስቲቱ እስከ ዛሬ ሲደውሉ «ክዋሜ እንዴት ነው?» ነው የሚሉት። ኮፊ ሜንሳ ወይም ክዋሜ ሜንሳ፣ የአባቱ የመጀመሪያ ልጅ፣ አሁን ቆሞ መሄድ ጀምሯል። ያን ቀን በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ስለ ሁለተኛው ስም አንድ ሰው እንኳን ጥያቄ አላነሣም።